ኦፕን እና ካይ፦ ለቻይናውያን እንግሊዝኛ ለሚያስተምሩ መምህር የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «አዲስ አበባ ሆኜ ማታ ማታ በኢንተርኔት እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ በሥራ ላይ ያሉ ቻይናውያን ናቸው። ‹ኦፕን› የሚለውን ቃል ሁሉም ያውቁታል፤ ነገር ግን ‹ኦፕን ዘ ላይት›፣ ‹አይ አም ኦፕኒንግ ኤ ሚቲንግ›፣ ‹ዘ ሾፕ ኢዝ ኦፕንድ› ይሉኛል። አርሜያቸው በሳምንቱ ይደግሙታል። የቃሉን ትርጉሞች በሙሉ ዘርዝሬ ብሰጣቸው ይሻላል ወይስ ሌላ መንገድ አለ? እኔ ቻይንኛ አልችልም።»

ምላሽ፦ ውድ መምህር፣ ዝርዝሩን ባይሰጧቸው እመርጣለሁ። በመዝገበ ቃላት ውስጥ «ኦፕን» በሚለው ቃል ሥር የተደረደሩት ትርጉሞች ብዙ ናቸው፤ ተማሪዎችዎ ግን የሚሳሳቱት እነዚያን ስላላወቁ አይመስለኝም። ቃሉን ገና በጀማሪነታቸው ሰሞን ከቻይንኛው «ካይ» ጎን ጽፈው፣ በመካከላቸው የእኩል ምልክት አድርገው ሸምድደውታል። ያ ምልክት በር፣ መስኮትና ሣጥን ላይ እውነት ነው፤ ወደ መብራት፣ ወደ ስብሰባና ወደ ደረሰኝ ሲሻገር ግን ይፈርሳል። ስለዚህ በቅድሚያ የሚነሣው ያ የእኩል ምልክት ነው፤ ለዚህም ቻይንኛ መናገር ባይጠበቅብዎትም ካይ እስከ ምን ድረስ እንደሚዘረጋ ማወቅ ይኖርብዎታል። ከዚህ በታች የቻይንኛውን ቃላት በፊደላችን የጻፍሁት ለጆሮ እንዲቀርቡ ያህል ስለሆነ የድምፅ አወጣጡ ከፍና ዝቅ አይታይባቸውም።

ካይ በጥንቱ አጻጻፍ፣ ዛሬም በታይዋንና በሆንግ ኮንግ በሚሠራበት አጻጻፍ፣ ባለ ሁለት ተካፋች በር ነው። ከበሩ ሥር የተጋደመ መቀርቀሪያ አለ፤ መቀርቀሪያውን የሚያነሡ ሁለት እጆችም አሉ። ቻይና እ.ኤ.አ. በ1956 የፊደሎቿን አጻጻፍ ስታቃልል በሩ ተነሣና መቀርቀሪያውና እጆቹ ብቻ ቀሩ። ይሁን እንጂ በሩ ከጽሕፈቱ ከመነሣቱ እጅግ አስቀድሞ ቃሉ ራሱ ከበር ርቆ ሄዷል። ቻይናዊ መብራት ሲያበራ «ካይ ደንግ»፣ መኪና ሲነዳ «ካይ ቸ»፣ ስብሰባ ሲቀመጥ «ካይ ኹዌይ» ይላል። አበባ ሲፈነዳ «ካይ ኽዋ»፣ ትምህርት ቤት ዓመቱን ሲጀምር «ካይ ሹዌ»፣ ሐኪም መድኃኒት ሲያዝ «ካይ ያው» ነው። መቀለድ «ካይ ዋን ሺያው»፣ ሠራተኛን ማባረር «ካይ ቹ»፣ ደስ መሰኘት «ካይ ሺን» ይባላል፤ ይህ የመጨረሻው ቃል በቃል ልብ ተከፈተ እንደ ማለት ነው። ሌሊቱን ሙሉ ቁጭ ብሎ የሚሠራ ሰው «ካይ የ ቸ» ይባልለታል፤ የሌሊት መኪና ነዳ ማለት ነው። የፈላ ውኃ ደግሞ «ካይ ሽዌይ» በመሆኑ፣ በቻይና የሕዝብ መገልገያዎች የፈላ ውኃ የሚቀዳበት ክፍል በር ላይ «ኦፕን ዎተር ሩም» የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ተለጥፎ ብዙ መንገደኛ ግራ አጋብቷል፤ አስቋልም።

ከተማሪዎችዎ መካከል በሒሳብ ክፍል የሚሠራ ካለ «ፕሊዝ ኦፕን ሚ ኤ ፋፒያው» ማለቱ አይቀርም። ፋፒያው የቻይና የግብር ደረሰኝ ነው፤ በቻይንኛ ደረሰኝ ይከፈታል። በእኛ ዘንድ ደረሰኝ ይቆረጣል። እንግሊዝኛው «ኢሹ» ወይም «ጊቭ» ይላል እንጂ አይከፍትም፣ አይቆርጥም። አንዲትን የሒሳብ ሠራተኛ በዚህ ቃል ስድስት ወይም ሰባት ጊዜ ካረምኋት በኋላ ሰለቸኝና «በእኔ ቋንቋ እኮ ደረሰኝ ቁረጥልኝ ነው የሚባለው» አልኋት። መቀስ የያዘ ገንዘብ ያዥ ታይቷት ብዙ ሳቀች። ከዚያ ወዲህ ደረሰኝ ስትከፍት አልሰማኋትም። ደረሰኝ የግድ መከፈት እንደሌለበት ያሳመናት የእኔ ማረም ሳይሆን የሦስተኛው ቋንቋ እንግድነት ነበር፤ ስለዚህ አማርኛዎን በክፍል ውስጥ አልፎ አልፎ ቢጠሩት አይክፋዎ።

በዚያው መጠን አማርኛዎ ጆሮዎን እንዳይደፍነው መጠንቀቅ ይገባዎታል። እኛ መብራት እናበራለን፤ ቴሌቪዥን፣ ሬዲዮና ዘፈን ግን እንከፍታለን። ዋይፋይና ዳታም ሲከፈቱ በየቤቱ ይሰማል። ተማሪዎ «ኦፕን ዘ ላይት» ሲል አማርኛዎም እንግሊዝኛዎም ስለሚቆረቁራቸው ወዲያው ይነቃሉ፤ «ኦፕን ዘ ቲቪ» ሲል ግን ስሕተቱ እንደ ራስዎ ንግግር ሆኖ ሊያልፍዎት ይችላል። ይህ ዓረፍተ ነገር ከብዙ ኢትዮጵያውያን አፍ ሲወጣ ሰምቻለሁ፤ ከእኔም አፍ ወጥቷል። በመሆኑም ከሁሉ ይልቅ ጆሮዎን የሚተክሉት ቻይንኛና አማርኛ ተስማምተው እንግሊዝኛ ብቻውን በቀረባቸው ቦታዎች ላይ ይሁን። መኪና ላይ ያለው ልዩነት ግን ያስተምራል፦ እኛ «መኪናውን ክፈተው» ስንል በሩን ማለታችን ነው፤ እንግሊዝኛውም እንዲሁ፤ ቻይናዊው ግን በዚያው ግስ መሪ ጨብጦ ይሄዳል።

ለተማሪዎችዎ ይህን ስሕተት የእነርሱ ብቻ አድርገው አያቅርቡባቸው። ግሪኮች መብራት ይከፍታሉ፤ የኩቤክ ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎችም እንዲሁ። በፊሊፒንስና በሲንጋፖር እንግሊዝኛ «ኦፕን ዘ ላይት» በየዕለቱ የሚነገር ሲሆን ማንም ዞር ብሎ አያይም። ተማሪዎ ሥራው ከሲንጋፖር ሰዎች ጋር ከሆነ በዚህ ነጥብ ላይ ብዙ ጊዜ ባታባክኑ ይሻላል።

አሁን ወደ እንግሊዝኛው እንምጣ። ኦፕን እንደ ግስ ሲነገር ተዘግቶ ወይም ታጥፎ የነበረ ነገር ይፈልጋል። የተዘጋው ነገር ውስጥ አለው፣ ካልሆነም ማዶ አለው፤ ሲከፈት እጅ ይገባበታል፣ ዓይን ያይበታል፣ ሰው ያልፍበታል። ጠርሙስ፣ ደብዳቤ፣ አፍ፣ መሳቢያ፣ ድንበር፣ ሱቅ፣ የባንክ ሒሳብ ከዚህ ወገን ናቸው። የታጠፈው ደግሞ ይዘረጋል፤ ጃንጥላ፣ መጽሐፍ፣ የተጨበጠ እጅ፣ እምቡጥ። ከእነዚህ ውጭ የሆነ ነገር ሲመጣ ኦፕንን መጠርጠር ነው። በመብራት ውስጥ የሚያልፍ ሰው የለም፤ መብራት የሚፈልገው «ተርን ኦን» ወይም «ስዊች ኦን» ነው።

ይህን በቃል ከማስረዳት ይልቅ በአንድ ዕቃ ማሳየት ይቀላል። እኔ ወደ ክፍል የምወስደው ባለ ሁለት ድንጋይ የእጅ ባትሪ ነው። ለተማሪው «እዘዘኝ፤ ያልኸኝን ብቻ አደርጋለሁ» እለዋለሁ። «ኦፕን ዘ ቶርች» ሲለኝ ቂጡን እፈታና ድንጋዮቹን ጠረጴዛው ላይ ጥዬ እጄን አጣጥፌ እቀመጣለሁ። ድንጋዮቹ እየተንከባለሉ መሬት ይወድቃሉ፤ ከአምስት ተማሪ አራቱ ጎንበስ ብለው ይለቅማሉ። መልሼ ከገጠምሁት በኋላ ሁለተኛው ተማሪ ቆም ብሎ ያስብና «ተርን ኦን» ይላል፤ ያን ጊዜ ይበራል። በአንድ ዕቃ ላይ ሁለቱም ግስ ትክክል ሲሆን፣ እያንዳንዱም የተለየ ነገር ሲያስከትል ያዩ ተማሪዎች ልዩነቱን በእጃቸው ይዘውት ይሄዳሉ። በካሜራ ፊት ለሚያስተምር ሰውም ይህ አይከብድም፤ ድንጋዮቹ ከጠረጴዛ ሲወድቁ በድምፅ ማጉያ መሰማታቸው እንዲያውም ይረዳል።

በኮምፒውተርና በስልክ ረገድ ጉዳዩ ትንሽ ይወሳሰባል፤ በየዕለቱ የሚነገር ስለሆነም ጊዜ መስጠት ይገባዋል። ቻይንኛ ኮምፒውተሩን፣ ፋይሉን፣ ዊቻት የተባለውን የመልእክት መተግበሪያ፣ ብሉቱዝንና ማይክሮፎኑን ሁሉ «ዳ ካይ» ይላቸዋል። እንግሊዝኛ ግን ይለያያቸዋል። ፋይል፣ መተግበሪያና ድረ ገጽ ገብተን የምንሠራባቸው ክፍሎች እንደሆኑ ስለሚቆጠሩ ይከፈታሉ፤ «ኦፕን ዊቻት» ትክክል ነው። ብሉቱዝ፣ ማይክሮፎንና አየር ማቀዝቀዣ በርቶ ወይም ጠፍቶ እንጂ በመካከል የማይገኝ ነገር ስለሆኑ «ተርን ኦን» ይፈልጋሉ። ኮምፒውተሩን ራሱን «ኦፕን» ያለ ሰው ወይ የላፕቶፑን ክዳን ቀና አድርጓል፣ ወይ ብሎኑን ፈትቷል። ካሜራ በሁለቱም በኩል ይቆማል፦ በስልክ ላይ የካሜራውን መተግበሪያ «ኦፕን» ማድረግ ያስኬዳል፤ በትምህርት ሰዓት ፊቱ እንዲታይ የሚፈልጉት ተማሪ ግን ካሜራውን «ተርን ኦን» ነው የሚያደርገው። ይህን የመጨረሻውን በየትምህርቱ መጀመሪያ ስለምትነጋገሩበት ያለ ልፋት ብዙ ጊዜ ትለማመዱታላችሁ።

ስለ ውኃና ስለ ኤሌክትሪክ የምለው ከሰዋስው ያለፈ ነው። ቫልቭ ሲከፈት ውኃ ያልፋል፤ «ኦፕን ዘ ቫልቭ» በእንግሊዝኛም በቻይንኛም በአማርኛም አንድ ሐሳብ ነው። በኤሌክትሪክ ባለሙያዎች እንግሊዝኛ ግን «ኦፕን ሰርኪት» ማለት የተቋረጠ መስመር ነው፤ ብሬከሩን «ኦፕን» ማድረግም ኃይሉን ማቋረጥ ነው። ቧንቧ ውስጥ ክፍተት ሲኖር ውኃው ያልፋል፣ ሽቦ መካከል ክፍተት ሲኖር ኤሌክትሪኩ ይቆማል፤ ቃሉ አልተለወጠም፣ የሚያልፈው ነገር ነው የተለወጠው። በቻይንኛ «ካይ ደንግ» ማብራት ስለሆነ፣ ማብሪያና ማጥፊያው ራሱም «ካይ ጓን»፣ ማለትም መክፈቻ መዝጊያ ስለሚባል፣ ቻይናዊ ቴክኒሻን በእንግሊዝኛ «ኦፕን» ሲል ኃይል መልቀቅን ሊያስብ ይችላል። በእንግሊዝኛ የሠለጠነው ኤሌክትሪሻን በዚያው ቃል ኃይል መቁረጥን ይሰማል።

ከዓመታት በፊት በአንድ ፋብሪካ አስተርጓሚዎችን ሳሠለጥን የደረሰ ነገር አለ። አንድ ኤሌክትሪሻን ሞተር ፈትቶ ሳለ፣ አንድ ቻይናዊ ቴክኒሻን ስለ ብሬከሩ በስልክ «ካን አይ ኦፕን ኢት?» ብሎ ጠየቀው። እርሱም «እንዲያውም ቀድሞ መቆረጥ ነበረበት» ብሎ እያሰበ «የስ፣ ኦፕን» አለ። ጠያቂው ሊያበራ ሄደ። ብሬከሩ ላይ ኤሌክትሪሻኑ የራሱን ጓጉንቸር ቆልፎበት ስለነበር ማብራት ሳይቻል ቀረ፤ ሁለቱ ሰዎች የተግባቡ መስሏቸው እንደነበር የታወቀው ጓጉንቸሩ ፊት ለፊት ቆመው ሲጨቃጨቁ ነው። ቻይናውያኑ እርስ በርሳቸው ሲነጋገሩ ለብሬከር «ኸ ጃ» እና «ፈን ጃ»፣ ማለትም አገናኝ እና ለያይ የሚሉ ትክክለኛ ቃላት አሏቸው፤ ወደ እንግሊዝኛ ሲሻገሩ ነው ወደሚቀናቸው ወደ ኦፕን የሚያዘነብሉት። ተማሪዎችዎ ከማሽን ጋር የሚውሉ ከሆኑ ለኃይል መስመር ኦፕንንም ክሎዝንም ጨርሶ ይከልክሏቸው፤ «ስዊች ኦን» እና «ስዊች ኦፍ» ይበሉ፤ ጣታቸውንም በብሬከሩ ላይ ወደ ተጻፈው ምልክት ይቀስሩ፤ ቁም ሰረዙ የበራ፣ ክቡ የጠፋ ነው።

ስብሰባውን በአጭሩ ልለፈው። «አይ አም ኦፕኒንግ ኤ ሚቲንግ» በሰዋስው ረገድ እንከን የለበትም፤ የሚናገረው ግን ሰብሳቢው ነው። አሥር ሰዎች ከአንድ አዳራሽ ሆነው ይህን መልእክት ለየቤታቸው ቢልኩ አሥር ሊቀ መንበር ያለው ስብሰባ ይሆናል። ተሳታፊው «አይ አም ኢን ኤ ሚቲንግ» ነው የሚለው። ተማሪዎችዎ ይህን ዓረፍተ ነገር እንደ አንድ ቃል አድርገው ቢይዙት ይበቃል።

ሦስተኛው ስሕተት፣ «ዘ ሾፕ ኢዝ ኦፕንድ» የሚለው፣ ከሁለቱ ይልቅ ሥሩ የጠለቀ ነው፤ ከትርጉም ሳይሆን ከሁኔታና ከድርጊት መለያየት የመጣ በመሆኑ በመብራቱ መንገድ አይታረምም። በቻይንኛ በሩ ሲከፈት «መን ካይ ለ» ይባላል። «ለ» አንድ ነገር መለወጡን የምታመለክት ትንሽ ቃል ናት፤ ተማሪው ደግሞ ይህችን «ለ» በእንግሊዝኛው የኃላፊ ጊዜ ጭራ መተካት ለምዷል። ስለዚህ ሱቁ ተዘግቶ ነበር፣ አሁን ተለወጠ፣ እንግዲያውስ «ኦፕንድ» ይላል። በዚህ ረገድ እኛም ብዙ አንሻልም፤ «ሱቁ ተከፍቷል» እንላለንና ያንኑ ወደ እንግሊዝኛ ስናዞር እዚያው ጉድጓድ ውስጥ እንገናኛለን። አማርኛ ግን «ሱቁ ክፍት ነው» የሚል ሁለተኛ አነጋገርም ስላለው ልዩነቱን ለራስዎ ለማጥራት ይጠቅምዎታል። «ክፍት ነው» ካሉ «ኢዝ ኦፕን» ነው። ሰዓትና ክንውን ከሆነ «ዘ ሾፕ ኦፕንድ አት ኤይት» ይሆናል። አንድ ሰው እንደ ከፈተው መናገር ሲፈልጉ ብቻ «ዘ ሾፕ ወዝ ኦፕንድ ባይ» ብለው የከፈተውን ሰው ይጨምራሉ።

ተማሪው ቀጥሎ «እንዲህ ከሆነ ለምን ‹ኢዝ ክሎዝድ› እንላለን?» ብሎ ይጠይቅዎታል። ይህ ጥሩ ጥያቄ ነው፤ «እንግሊዝኛ እንዲህ ነው» ተብሎ መታለፍ የለበትም። ኦፕን ከጥንታዊው እንግሊዝኛ የወረደ ቃል ሲሆን መጀመሪያ ቅጽል ነበር፤ ግሱ ከቅጽሉ ወጣ። ቅጽሉ ራሱን የቻለ ስለሆነ ጭራ አያስፈልገውም። ክሎዝ ግን ኖርማኖች እ.ኤ.አ. በ1066 እንግሊዝን ከያዙ በኋላ ከፈረንሳይኛ ጋር የገባ ነው። ጭራ የሌለው ቅጽሉም አብሮት ገብቶ ነበር፤ ከጊዜ በኋላ ግን የተዘጋ መሆንን ትቶ ቅርብ መሆንን ያዘ፤ አነባበቡም «ክሎስ» ነው። ስለዚህ ለተዘጋው ነገር «ክሎዝድ» ከነጭራው ቀረ። «ዘ ሾፕ ኢዝ ክሎስ» ያለ ተማሪ ሱቁ ቅርብ ነው እያለ ነው፤ ደንበኛው ሄዶ በሩ ተቆልፎ ያገኘዋል። ለመዝጋት የሚነገረው ሌላው የአገሩ ቃል «ሸት» ደግሞ እንደ ኦፕን ሳይለወጥ ይቆማል።

ይህን ሁሉ ታሪክ ለተማሪ መንገር አያስፈልግም፤ ሱቆች በር ላይ የሚንጠለጠለውን ባለ ሁለት ገጽ ሰሌዳ ማሳየት ይበቃል። አንደኛው ገጽ 4 ፊደል፣ ሌላኛው ገጽ 6 ፊደል አለው። ሁሉም አይተውታል፤ ግን አንደኛው ጭራ ያለው ሌላኛው የሌለው መሆኑን ልብ ያለ ጥቂት ነው። እኔ ከካርቶን ሠርቼ እያገላበጥሁ ለሁለት ደቂቃ ያህል አስብላቸዋለሁ። በዚህ ጊዜ አንድ ነገር ያስተውሉ፦ በማንዳሪን፣ ማለትም በመደበኛው ቻይንኛ፣ የቃል ቀለም (ሲላብል) የሚያልቀው በአናባቢ፣ በ«ን»፣ በ«ንግ» ወይም በ«ር» ብቻ ነው፤ ስለዚህ «ክሎዝድ» ላይ ያለችው የመጨረሻ «ድ» ተማሪው እያወቃት በአፉ ላይ ልትጠፋ ትችላለች። ስሕተቱ የአፍ ይሁን የሰዋስው ለመለየት ያስጽፉት። «ኦፕንድ» ላይ ግን አፍን መውቀስ አይቻልም፤ የማያስፈልገውን ድምፅ ጨምሮ የደከመው ሰዋስው ስላስገደደው ነው።

እስካሁን ሁለቱ ቃላት የሚለያዩበትን ብቻ ስናይ ቆይተናል፤ ካይ የሚያግዝበትም ሰፊ ቦታ አለ፣ መምህራንም ብዙ ጊዜ አይጠቀሙበትም። ቻይንኛ አንድን ነገር በምን ዓይነት ድርጊት እንደከፈቱት በግስ ይናገርና ውጤቱን በካይ ያስከትላል፦ «ቱዌይ ካይ» ገፍቶ መክፈት፣ «ላ ካይ» ስቦ መክፈት፣ «ስ ካይ» ቀዶ መክፈት፣ «ጨ ካይ» ቆርጦ መክፈት። እንግሊዝኛም በትክክል እንዲሁ ያደርጋል፤ «ፑሽ ዘ ዶር ኦፕን»፣ «ፑል ዘ ድሮወር ኦፕን»፣ «ቴር ዘ ኤንቨሎፕ ኦፕን»። አማርኛ ተናጋሪ ይህን አሠራር ለመልመድ ጊዜ ይወስድበታል፤ እኛ «ገፍቶ ከፈተው» ብለን ሁለት ግስ እናሰልፋለንና። ቻይናዊው ግን ከቤቱ ይዞት የመጣው ነው፤ «ያንኑ አድርግ» ቢሉት ይበቃዋል። በአንድ ሰዓት ውስጥ ከአፋቸው ሰምተውት የማያውቁትን የተዋበ እንግሊዝኛ ሲናገሩ ያገኟቸዋል።

አንድ ጥንቃቄ ብቻ ይጨመርበታል። ካይ በዚህ ቦታው ላይ መራቅንና መለያየትንም ይናገራል፤ «ሊ ካይ» መሄድ፣ «ፈን ካይ» መለያየት፣ «ዞው ካይ» ደግሞ ዞር በል ነው። እነዚህን እንግሊዝኛ በ«ኦፕን» አይቀበልም፤ «አወይ» እና «አፓርት» የሚሉት ናቸው የእነርሱ ቦታ። መለያው ቀላል ነው፤ ድርጊቱ ሲያልቅ አንድ ነገር ክፍት ሆኖ ከቀረ ኦፕን ነው፣ በመካከል ርቀት ከቀረ አይደለም።

ቃሉ ስለ ሰው ጠባይ ሲነገር ደግሞ ከስሕተትነት አልፎ ሰው ሊያስቀይም ይችላል። «አይ አም ኤን ኦፕን ፐርሰን» የሚል ተማሪ ብዙ ጊዜ ሊል የፈለገው «ካይ ላንግ» ነው፤ ፈታ ያለ፣ ተጫዋች፣ ከሰው የሚግባባ ማለት ነው። እንግሊዝኛ ሰሚው ግን የሚረዳው ሐሳቡን የማይደብቅ ሰው ወይም አዲስ ነገር ለመቀበል የማይቸገር ሰው ነው። ለተማሪው «አውትጎይንግ» የሚለውን ይስጡት። በተቃራኒው አቅጣጫ ያለው የከፋ ነው፦ ቻይንኛ «ካይ ፋንግ» የሚለው ቃል እ.ኤ.አ. ከ1978 በኋላ የመጣውን የአገሪቱን በር መከፈት የሚያመለክት የተከበረ ቃል ሲሆን፣ ስለ አንዲት ሴት ሲነገር ግን በወንድ ረገድ ልቅ ናት የሚል ጥላ ሊኖረው ይችላል። ስለዚህ «ሺ ኢዝ ቬሪ ኦፕን» ብለው ባልደረባዋን ቢያመሰግኑላት ተማሪዎ በልቧ ሌላ ልትሰማ ትችላለች። ፊቷ ሲለወጥ ካዩ ምክንያቱን ይረዱታል። «ኦፕን ማይንድድ» ለሚለው «ካይ ሚንግ» የሚል ንጹሕ ቃል አላቸው፤ በእርሱ በኩል ቢያስረዱ ይቀላል። «ኦፕን ቱ» የሚለው አነጋገር፣ ለምሳሌ «አይ አም ኦፕን ቱ ሰጀስሽንስ»፣ ለሐሳብ ጆሮዬን እሰጣለሁ ማለት ስለሆነ በሥራ ደብዳቤ ይጠቅማቸዋል።

«ኦፕን ሌተር»፣ «ኦፕን ሲክሬት» እና የስፖርቱ «ኦፕን»፣ ማለትም ክፍት ውድድር፣ ለእነርሱ አስቸጋሪ አይሆኑም፤ ሦስቱንም ቻይንኛ «ጎንግ ካይ» በሚለው፣ ለሕዝብ የተከፈተ በሚል ቃል ስለሚጠራቸው በቀጥታ ይገጥማሉ። ክፍት የሥራ ቦታ ለሚለው «ጆብ ኦፕኒንግ» ግን ቻይንኛው ባዶነትን እንጂ መከፈትን አያነሣም፤ አማርኛው ከእንግሊዝኛው ጋር የሚገጥምበት አንዱ ስፍራ ይህ ነው።

በምን ቅደም ተከተል እንደሚያስተምሩ ቢጠይቁኝ፣ በመጀመሪያው ሳምንት የእጅ ባትሪውን፣ በሁለተኛው የሱቁን ሰሌዳ፣ በሦስተኛው «ፑሽ ኦፕን» የሚለውን ቤተሰብ አደርግ ነበር። በሳምንቱ ደግመው ሲሳሳቱ ትክክለኛውን ዓረፍተ ነገር አይስጧቸው፤ ካሁን በፊት የሰጧቸው እርማት ያልያዘው መልሱን እርስዎ ስለሚሉት ይመስለኛል። «ኦፕን ዘ ላይት» ሲሉ «ውስጡ ምን አለ?» ብለው ብቻ ይጠይቁና ዝም ይበሉ። መጀመሪያ ይስቃሉ፣ ቀጥሎ ያርማሉ፤ በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ጊዜ እርስዎ ሳይጠይቁ «ኦፕ...» ብለው ጀምረው ራሳቸው ይመለሳሉ። ደረሰኙንና የሐኪሙን ትእዛዝ ግን የሚያስፈልጋቸው በዚያ ሥራ ላይ ያሉት ብቻ ስለሆኑ ለእነርሱ ለየብቻ ይስጧቸው፤ ለሐኪሙ «ፕሪስክራይብ»፣ ለሒሳብ ሠራተኛው «ኢሹ»።